ስድስተኛ ለ

እናቴ አስተማሪ ነበረች፤ ያውም እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ደስ ይላል፤ ለኖረበት ግን ሌላ ነው። ቤት ውስጥ «እማዬ» የምላትን ሴት የግቢውን በር ካለፍን በኋላ «ቲቸር» ማለት ነበረብኝ። ረስቼ «እማዬ» ካልኳት ያልሰማች መስላ ታልፈኛለች። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ያሳስቱኝና በሳቅ ይፈርሳሉ።

ትምህርት ቤታችን የባቡር ሀዲዱ ጥግ ነበር። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሕንጻ። ዝናብ ሲመጣ አስተማሪም ተማሪም እኩል ዝም ይላል፤ ጣሪያው ሌላ ድምፅ አያሰማምና። ያን ጊዜ ክንዳችንን ዴስኩ ላይ አጣጥፈን፣ አገጫችንን አሳርፈን፣ ውሃው በመስኮት ሲወርድ እናያለን። ከትምህርት ሁሉ አብልጬ የምወደው ያን ሰዓት ነበር። ባቡር ሲያልፍ ደግሞ ጠመኔዎቹ ከጥቁር ሰሌዳው ጠርዝ ላይ እየተንቀጠቀጡ ይወርዳሉ፤ ቀድሞ የቀለበ አንድ ስባሪ ይወስዳል።

ከሀዲዱ በዚህ በኩል የባቡር ሠራተኞች መንደር አለ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም በሩ ላይ ቁጥር ያለው። ሰክሮ የመጣ ሰው የሰው ቤት ገብቶ ጫማውን አውልቆ መተኛቱ በየጊዜው የሚሰማ ወሬ ነበር። አባቴ የባቡር መካኒክ ስለነበር እኛም እዚያው እንኖር ነበር። ትምህርት ቤቱ የተሠራውም ለሠራተኛው ልጆች ሲሆን፣ በወረዳው ውጤት ከአንደኛና ከሁለተኛ ወርዶ አያውቅም ይባል ነበር። አባቶቻችን ይህን የሚናገሩት ልክ ፈተናውን እነሱ እንደተፈተኑት ደረታቸውን ነፍተው ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን በሩቅ አገር አንድ ትልቅ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ውሃው ቤትና ማሳ የወሰደባቸው ሰዎች በጭነት ባቡር ተጭነው መጡና ከሀዲዱ ማዶ ባዶ የቆሙት መጋዘኖች ውስጥ ሰፈሩ። ለትንሽ ጊዜ ነው ተባለ። ትንሹ ጊዜ ረዘመ። ቋንቋቸው ሌላ ነው፤ ልጆቻቸው ግን እንደማንኛውም ልጅ ትምህርት ያስፈልጋቸዋልና እኛው ጋ ገቡ። ለሁለት ይበቃ የነበረው ዴስክ ለሦስት፣ ከዚያም ለአራት ሆነ። እኛ «የባቡር ልጆች» ነበርን፤ እነሱ «የመጋዘን ልጆች» ተባሉ። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አንድ ቀን ሁላችንም አፍ ውስጥ ተገኘ።

እኔ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ከሁሉም ታንስ ነበር። ዓይኗ ብቻ ነው ትልቅ። እናቴ ገና እንዳየቻት «ይቺ ድምቢጥ ከየት መጣች?» አለችና ስሟ በዚያው ቀረ። ከኛ ቋንቋ መጀመሪያ የተማረችው «ጠጋ በይ» የሚለውን ነው፤ ከእኔ፤ ቀኑን ሙሉ ስለምላት። ሌላ ቃል ስላልነበራት እሱኑ ለሁሉ ነገር ትጠቀምበት ጀመር። ውሃ ሲጠማት ጠጋ በይ፤ እርሳስ ስትፈልግ ጠጋ በይ። አንድ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው መንገድ ሲዘጉባት ቀና ብላ አየቻቸውና በሙሉ ጨዋነት «ጠጋ በይ» አለቻቸው። ጠጋ አሉላት።

በወሩ ጓደኛሞች ነበርን። በዓመቱ ከእኔ የበለጠ ወሬኛ ሆነች።

አምስተኛ ክፍልን ስንጨርስ የወረዳው ውጤት ወጣና ትምህርት ቤታችን የመጨረሻ ሆነ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ አላልኩም፤ የመጨረሻ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መጡ፤ መነጽራቸውን እያወለቁና እያጠለቁ ክፍሎቹን ዞሩ። የሚቀጥለውም ዓመት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እንዲሁ ከሆነ ከፍተኛዎቹ ክፍሎች ይዘጋሉ፣ ልጆቹም ከተማው ሌላኛው ጫፍ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ብለው ሄዱ።

የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ቤት የምትተወኝ ሰው ስላልነበራት ከኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ቀድመው የተነሡት የአንድ ባቡር ነጂ ባለቤት ነበሩ። መንደሩ ሁሉ እትዬ ጥሩምባ ይላቸዋል። ግቢያቸው ሆነው ልጆቻቸውን ሲጠሩ ጣቢያው ላይ የቆመ ተሳፋሪ ዞር ይላል። ሴቶች መንታ ልጆች ነበሯቸው፤ እኔ ክፍል።

«እኔ ሰው አልጠላም» አሉ፤ እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል ያኔም አውቅ ነበር። «ውሃ ለወሰደበት ሰው አንጀቴ ይላወሳል። ግን ልጆቼ ቁጭ ብለው የሚማሩት ስንት ጊዜ ነው? አስተማሪው ለነዚያ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ሲደግም የኛዎቹ እየደነዘዙ ነው። ለይታችሁ አስተምሩልን! የኛን ለብቻ፣ የነሱን ለብቻ። ጥፋት ነው?»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። የመጋዘን ወላጆች ከግድግዳው ሥር ቆመው ነበር። ብዙዎቹ የተባለው ስላልገባቸው ሌላው ሲያጨበጭብ አብረው አጨበጨቡ።

ርዕሰ መምህሩ መልካም ሰው ነበሩ፤ ግን ውሳኔ እንደ እሳት ይፈሩ ነበር። ምንም ቢጠየቁ «እሱ ነገር ይደር» ስለሚሉ ጋሽ ይደር የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ያን ቀን ሁላችንም «ይደር» እንዲሉ ጠበቅን። እሳቸው ግን ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና «እንግዲህ… ሕዝቡ ካለ…» አሉ። በሕይወታቸው ቶሎ የወሰኑት ያን ብቻ ይመስለኛል።

ስድስተኛ ሀ እና ስድስተኛ ለ ተከፈለ። ለ ክፍል የተሰጠው የሕንጻው ጫፍ ላይ የተሰበሩ ዴስኮች የሚከመሩበት፣ መስታወቱ የረገፈ ክፍል ነበር። የሚያስተምረው ሲፈለግ የመምህራኑ ሁሉ ዓይን መሬት መሬት ያይ ጀመር። እናቴ «እኔ እይዘዋለሁ» አለች።

ማታ ራት ላይ ለአባቴ ነገረችው። እሱ እጁ ላይ የቀረውን ግራሶ በሳሙና ዱቄት እያሸ ነበር።

«ጥሩ አድርገሻል» አላት።

«ልጅቷንም ይዣት እገባለሁ።»

ውሃው መፍሰሱን ቀጠለ፤ እጁ ግን ቆመ። «የትኛዋን ልጅ?»

«ስንት ልጅ አለን?»

«እሷ እኮ የሀ ክፍል ልጅ ናት። ዘንድሮ እንዲህ ካነበበች ልዩ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ አንቺው ነሽ ያልሽው።» ልዩ ትምህርት ቤት የሚባለው የወረዳውን ጎበዝ ተማሪዎች ብቻ እየመረጠ የሚወስድ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ያለው ነበር። አባቴ በባቡር ባለፈ ቁጥር ሕንጻውን ያየዋል።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ልጄን ለምን መያዣ ታደርጊያታለሽ?»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የራሴን ልጅ የማላስቀምጥበት ክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ሰብስቤ ልቆም? ዓይናቸውን በየት በኩል አየዋለሁ? ማታ ማታ እኔ አስጠናታለሁ። አይጎድልባትም።»

እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም። አኩርፌ ከጠረጴዛው ተነሣሁ። አኩርፌያለሁ ልበል እንጂ ከልቤ ግማሹ ከድምቢጥ ጋር መቀመጤን አስቦ ይፈነድቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስንገባ እናቴ የተሰበሩትን ዴስኮች በጋራ አስወጣችን። የሚጠገነውን ለየን፤ አባቴ እሑድ መዶሻና ምስማር ይዞ መጥቶ ሳይናገር ጠገነው። ኩርፊያው ገና አልበረደም ነበር፤ ግን ያዘመመ ዴስክ አይቶ ማለፍ አይችልም።

የመጋዘን ልጆች ዝም ማለትን ተክነውበታል። ሳይገባቸው «ገባችሁ?» ሲባሉ አንገታቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። እናቴ ሰሌዳው ላይ የሂሳብ ጥያቄ ጻፈች። አንድ ባቡር ይህን ያህል ፉርጎ አለው፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ይህን ያህል ጆንያ ይጭናል፣ መንገድ ላይ ግማሹ ቢራገፍ ስንት ይቀራል የሚል ነው። አንድም እጅ አልወጣም። እኔ እጄን ሳወጣ እናቴ በዓይኗ አስወረደችኝ። ደግማ አነበበችው። ዝም።

«ድምቢጥ፣ ነይ ውጪ» አለች። «ይህን ጥያቄ በእናንተ ቋንቋ ንገሪያቸው። መልሱን አይደለም፤ ጥያቄውን።»

ድምቢጥ ወጣችና ተናገረች። ገና ሳትጨርስ ክፍሉ ከዳር እዳር እጅ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠውና በቁመቱ ማማ የምንለው ልጅ እጁን ለማውጣት ተነሥቶ ቆመ፤ እንዳትዘነጋው የፈራ ይመስላል።

እናቴ ጠመኔዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ማታ ለአባቴ «ሂሳቡን ያውቁታል እኮ!» አለችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደደብ ያልናቸው ልጆች ሂሳቡን ያውቁታል። ጥያቄውን ነው ያልሰሙት። እኔስ? እኔስ ሦስት ዓመት የት ነበርኩ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስተኛ ለ ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ የሚሰማ ክፍል ሆነ። እናቴ ትናገራለች፣ ድምቢጥ ወደነሱ ቋንቋ ትመልሰዋለች፤ ቀጥሎ ሁሉም በኛ ቋንቋ ይደግመዋል። እኔ ደግሞ በየዴስኩ እየዞርኩ የተጻፈውን አስነብባለሁ። በልዋጩ የእነሱን ቋንቋ ያስተምሩኛል። አንዴ «አስተማሪያችን ደግ ናት» ያልኩ መስሎኝ «አስተማሪያችን ወፍራም ናት» ብዬ ክፍሉ ወለል ላይ ተንከባለለ። እናቴ ምን እንዳልኩ ካልተነገረኝ ብላ ድርቅ አለች። ሲነገራት ራሷን ቁልቁል አይታ «እሱም ልክ ነው» አለች።

እሷም ትማር ነበር። ከትምህርት በኋላ የተማሪ ዴስክ ውስጥ ትቀመጥና ድምቢጥ ከፊቷ ቆማ ታስጠናታለች። «አይደለም ቲቸር፤ ምላስሽን እንዲህ። አይ! እንደገና።» እናቴ እንደገና ትላለች። ድምቢጥ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ነገ አጥንተሽ ነይ» ስትላት የሰማሁ ቀን እናቴ ተነሥታ «እሺ ቲቸር» አለቻት። የዚያን ክፍል ሽታ፣ የእርጥብ ግድግዳና የጠመኔ ብናኝ ድብልቁን፣ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልጠራው እችላለሁ። እንዲያ ስቄ የተማርኩበት ጊዜ ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ግን ሁሉ ነገር ሳቅ አልነበረም። ሀ ክፍል ቅዳሜ ተጨማሪ ትምህርት ነበረው፤ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አንድ በአንድ ይሠራሉ። እኛ ለ ክፍሎች ገና የአራተኛን መጽሐፍ እየከለስን ነበር። እናቴ ማታ ማታ አስጠናሻለሁ ያለችው እውነቷን ነው፤ ትጀምራለችም። ግን የተማሪዎቹን ደብተር አርማ ስትጨርስ እስክሪብቶዋ ከእጇ ይወድቅና አንገቷ ወደ ጎን ያዘነብላል። አባቴ መጥቶ ብርድ ልብስ ጣል ያደርግባታል። እኔን ያየኛል።

ከሀ ክፍል መጀመሪያ የከዱት የእትዬ ጥሩምባ መንቶች ናቸው። የእነሱ አስተማሪ ሳቅን እንደ ጥፋት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ፤ የኛ ክፍል ጫጫታ ደግሞ በተከፈተው መስኮት ሕንጻውን ያዳርሰዋል። አንድ ጠዋት ዞር ስል መንቶቹ መስታወት በሌለው መስኮት ዘለው ገብተው የኋላ ዴስክ ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። በማግስቱ መጡ። መለሰቻቸው። ሲመጡ ስትመልሳቸው ከርማ በመጨረሻ ደከማትና «እንግዲያስ በበር ግቡ» አለቻቸው።

የሀ ክፍሉ አስተማሪ ለርዕሰ መምህሩ ከሰሱ። ጋሽ ይደር ነገሩን በጥሞና ሰምተው «ይደር» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ለዚያች «ይደር» ባለዕዳ ነኝ።

ወሬው እትዬ ጥሩምባ ጆሮ የገባ ቀን ከመድረሳቸው በፊት ድምፃቸው ደረሰ።

«የታሉ? የታሉ እነዚህ ጉዶች!»

በሩ ተበረገደ። መንቶቹ ዴስክ ሥር ገቡ። እናቴ የማንበቢያ መጽሐፉን እንደያዘች «ደህና አደሩ እትዬ» አለች። «ትምህርት ላይ ነን። ትንሽ አረፍ ይበሉና ስንጨርስ ይወስዷቸዋል።»

«እኔ ለመቀመጥ አልመጣሁም!»

«አውቃለሁ። ግን እዚያ ከቆሙ ሰሌዳው አይታይም።»

እትዬ ጥሩምባ ዙሪያቸውን ቃኙ። ልጆቹ ሁሉ ያዩአቸዋል። ማማ ተነሥቶ ዴስኩን ለቀቀላቸው። ጉልበታቸው አልገባ ብሎ ጎን ለጎን ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እንደ አኮረፈች ተማሪ።

ማማ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የዕለቱ ምንባብ ርዕሱ «ወንዝ ለሰው ልጅ ያለው ጥቅም» ነበር። እናቴ በመጽሐፉ ተራ ሄደች እንጂ አላሰበችበትም። ማማ ቀስ እያለ፣ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ፣ «ወንዝ ለመጠጥ፣ ለመስኖ… ሰዎች በወንዝ ዳር በደስታ…» አለና ቆመ። አላቃተውም። ያንን ሁላችንም አወቅን። ከንፈሩ ነው እንቢ ያለው።

እናቴ መጽሐፏን ዘጋች። «ዝጉት» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «የናንተን ወንዝ ንገሩኝ። እንደፈለጋችሁት፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ። ድምቢጥ ትነግረናለች።»

ማማ ተናገረ። ድምቢጥ እግር በእግር ወደኛ ቋንቋ መለሰችው። ወንዛቸው ሰፊ እንደሆነ፣ ከወዲህ ማዶ ቆመው ከዚያ ማዶ ያለ ሰው ፊቱ እንደማይለይ ነገረን። ውሃው የመጣው ጠዋት እንደነበር፤ ላሚቱን ሊፈታ ሲሮጥ አባቱ «ተዋት!» ብሎ እንደጮኸበት፤ አባቱ ራሱ ግን ሊፈታት እንደሄደ። ቀጥሎ ማማ ያለውን መለሰችልን፤ «ላሚቱ መጣች።»

ከዚያ ሌላዋ እጇን አወጣች። ስለ ቤታቸው በር ተናገረች፤ አያቷ የቀረጹት በር ተንሳፍፎ ሲሄድ ከዛፍ ላይ ሆና እንዳየችው። ሌላው ስለ ውሻው። ሁላቸውም የሚናገሩት ነበራቸው። ሦስት ዓመት አብረን ስንማር እኛ አልጠየቅናቸውም ነበር።

እትዬ ጥሩምባ ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ደወሉ ሲደወል ከዴስኩ ለመውጣት ሁለቱ መንቶች ግራና ቀኝ ጎተቷቸው። ማማ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ቀና ብለው ማየት ነበረባቸው። ኮሌታውን አስተካከሉለት። ከበሩ ዞረው እናቴን፣

«ልጆቹ ይቆዩ» አሏት። «ግን ውጤታቸው ቢወርድ ነግሬሻለሁ! አለቅሽም!»

«እንዳይለቁኝ» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጥሩምባ ሰው ሆኑ አልልም፤ ያው ጥሩምባ ነበሩ። ልዩነቱ አሁን የሚነፉት ለለ ክፍል መሆኑ ነው። ለመስኮታችን መስታወት ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ የባቡር ጣቢያውን ኃላፊ ቢሮው ድረስ ሄደው ጮኸውበት። ከሀ ክፍል ሌሎችም ቀስ በቀስ ወደኛ መጡ፤ ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹ ወላጆች እስከ መጨረሻው እንደተለዩ መቆየትን መረጡ።

ፈተናው ደረሰ፤ ተፈተንን፤ ክረምቱ ገባ። ውጤቱ የተለጠፈው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውጪ ግድግዳ ላይ ነበር። እንዲህ ሆነ፤ ሀ ክፍል በልጦናል። ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር። ግን ከለ ክፍል ከግማሽ በላይ አልፎ ነበር፤ ካለፈው ዓመት የመጋዘን ልጆች ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከመጨረሻው ተነሥቶ መሃል አካባቢ ደረሰ። ክፍሎቹ አይዘጉም ተባለ። ጋሽ ይደር በደስታ ተቆጣጣሪውን አቀፏቸውና መነጽራቸውን አወላገዱት። ድምቢጥ አለፈች። ማማ አለፈ፤ ሮጦ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ የሀዲዱን ጠጠር እንደ ዝናብ ይረጨው ነበር። መንቶቹ አለፉ፤ ይህን ደግሞ ወዲያው ጣቢያው ላይ ያለ ተሳፋሪ ሁሉ ሰማ።

እኔም አልፌያለሁ። ለልዩ ትምህርት ቤት ግን አልበቃሁም። ጥቂት ነጥብ ነው የጎደለኝ። ከሀ ክፍል፣ እስከ አምስተኛ ክፍል ድረስ ከእኔ ኋላ የነበሩ ሁለት ልጆች ገቡ።

አባቴ ሲሰማ ጫማውን አሰረና «ነይ» አለኝ። ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ተፈትቶ የተዘረጋ ሞተር ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጥን። አጽናኝ ንግግር አያውቅም። ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይህ እንዲህ ይሠራል፣ ይህ እንዲያ ያደርጋል እያለ አሳየኝ። ከዚያ አንዱን ብሎን ሰጠኝና «እሰሪው» አለኝ። አሰርኩት። አላጠበቅሁትም መሰለኝ፤ እጁን እጄ ላይ አድርጎ አብረን አጠበቅነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቤት ስንመለስ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ካንቺ ወሰድኩ» አለችኝ። «አውቄ ነው የወሰድኩት። እተካዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልተካሁትም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ልጅ ነሽ፤ እሺ ትይኛለሽ። ስታድጊ እንነጋገራለን።»

እንደሌላው እናት «ምን አለበት፣ ዋናው ማለፍ ነው» ብትለኝ እጠላት ነበር። እንዲህ ስላለችኝ ግን ተኮራምቼ ጭኗ ላይ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የሀ እና የለ ክፍፍል ቀረ። ደብዳቤም ስብሰባም አልነበረም፤ ጋሽ ይደር ክፍፍሉን የሚያድስ ወረቀት ሲቀርብላቸው «ይደር» አሉ፤ እንዳደረ ቀረ። እኔና ድምቢጥ ከተማው ውስጥ ወዳለው ተራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሀዲዱ ዳር እየሄድን፣ በሁለት ቋንቋ እየተጨቃጨቅን፣ ተማርን። እሷ ዛሬ ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ስትደውልልኝ እናቴ ስልኩን ትቀማኝና የምታወራው በድምቢጥ ቋንቋ ነው። አሁንም ትታረማለች።

ባቡሩ ካቆመ ቆይቷል። የቢጫዎቹ ቤቶች ቀለም ረግፏል፤ ሰዉም ተበትኗል። የመጋዘን ሰዎች ግን ወደ ወንዛቸው አልተመለሱም። መሬት ተሰጥቷቸው ቤት ሠሩ፤ ትምህርት ቤቱን ዛሬ የሞሉት የነሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የዕረፍት ሰዓት ነበር። ከሌላ አገር የመጡ፣ ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ አዲስ ልጆች ከአጥሩ ሥር ለብቻቸው ቆመዋል። አስተማሪዋ ወጣት ናት። ጠጋ ብዬ የማላውቃትን ሴት ምን ልላት ነው? ትንሽ ቆሜ ሄድኩ።

እናቴ ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እኔ ጋ ነች። ስታድጊ እንነጋገራለን ያለችውን ለማንሣት ሁለታችንም ዕድሜ ፈጀብን። በቀደም ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምን ሳለ ነው እንደ ዋዛ የጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ዛሬ ቢሆን ለ ክፍል ትወስጂኝ ነበር?»

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው።

«እወስድሽ ነበር» አለች። «ሌሊት ሌሊትም እንዲሁ ይቆጨኝ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አያጠፋውም።» ከዚያ ፈገግ አለች። «አንቺስ? ትሄጂ ነበር?»

ማማ ተነሥቶ ሲቆም፣ መንቶቹ ዴስክ ሥር ሲገቡ፣ እናቴ በጠባብ ዴስክ ውስጥ ተቀምጣ ምላሷን ስታጣምም አንድ ላይ መጡብኝ። የልዩ ትምህርት ቤቱም ሕንጻ መጣብኝ፤ ገብቼበት የማላውቀው ቤተ መጻሕፍት።

«አኩርፌ እሄድ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ብዙ ሳቀች፤ ጭኗ ላይ ያለው ትሪ እየተንቀጠቀጠ ምስሩ ፈሰሰ። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተንበርክከን ስንለቅም ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትወርድ ስለ ስድስተኛ ለ አወራን።